ሲሞከር የሚሠራው፣ ሲፈለግ የሚጠፋው ዋይፋይ

ነገሩ የደረሰው ባለፈው ዓመት ጥር 14 ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ብቸና የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። በጉንደ ወይን ገደል አፋፍ ስላሉ ማሳዎች የአፈር መሸርሸር የጥናት ንድፍ አዘጋጅቼ፣ ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት አመልክቼ ነበር። ለቃለ መጠይቅም በኢንተርኔት እንድቀርብ ተጠራሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ዕድል ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። በዚያ ሰሞን ብቸና ላይ ኔትወርክ ስላስቸገረ፣ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ዘይነባ ዘንድ ሞጣ ሄድሁ። ዘይነባ ከእናቷ ከእማማ ሩቅያ ጋር ጨርቅ ትነግዳለች።

ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የተጫነበትን ላፕቶፔን ከዘይነባ ስልክ ጋር በዋይፋይ አገናኝቼ ደጋግሜ ሞከርሁት። እንከን አልነበረውም። ቃለ መጠይቁ ሊጀመር ሲል እንደ ልማዴ የላፕቶፑን የኃይል ገመድ ከሶኬቱ ነቀልሁ። በእኛ አካባቢ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ስንት ዕቃ እንዳቃጠለ የሚያውቅ ሰው፣ የሚሳሳለትን ዕቃ ሰክቶ አይተውም።

ራሴን አስተዋውቄ ሳልጨርስ ግንኙነቱ ተቋረጠ። መልሼ ገባሁ፤ እንደገና ተቋረጠ። የጠያቂው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ «ወይዘሮ እናኑ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንጠብቅዎታለን። ካልሆነ ወደ ሌላ አመልካች እናልፋለን» አሉኝ።

ዘይነባ ስልኳን እያየች፣ «እኔ ጋ ኔትወርኩ ሙሉ ነው እኮ! ያንቺው ማሽን ነው የሚያሾፍብሽ» አለች።

እማማ ሩቅያ ከጨርቁ ክምር ወዲያ ሆነው፣ «የአባቴ በቅሎም እንዲሁ ነበረች። ቤት ስትጋልብ ትውልና ገበያ ሲያወጧት ታነክሳለች። መሸጥ አትፈልግም!» አሉ።

ዘይነባ ሳቀች። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ከሙከራው ወዲህ የለወጥሁት ምንድን ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ገመዱን ብቻ! ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ኃይል ለመቆጠብ ዋይፋዩን በየመሀሉ ያስተኛዋል ማለት ነው።

ገመዱን ልሰካ ስንደረደር መብራት ጠፋ።

«አይ የኛ ነገር!» አለች ዘይነባ።

«ግድ የለም፣ አግኝቼዋለሁ!» ብዬ ጮኽሁ። በዚያ ቤት ድምፄ ከፍ ብሎ ሲሰማ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ተርሚናሉን፣ ማለትም ለማሽኑ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ከፍቼ የዋይፋዩን የኃይል ቁጠባ የሚያጠፋውን ትእዛዝ ጻፍሁ። ተመልሼ ገባሁ። ስላይዶቼን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሳየሁ፤ ጥያቄዎቹን ሁሉ መለስሁ። ግንኙነቱ አንዴም አልተቋረጠም።

በማግስቱ ጠዋት ዘይነባ መናኸሪያ ድረስ ሸኝታኝ መኪና ስንጠብቅ ሰብሳቢው ደወሉ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ትምህርቱን እንድጀምር መወሰኑን ነገሩኝ። ቁጥብ ሴት ነኝ፤ ሆኖም በመንገደኛው ሁሉ ፊት ዘይነባን አቅፌ ዘለልሁ።

«እናኑ፣ ኧረ ሰው ያየናል!» አለችኝ።

«ይየን!» አልኋት።