ዘህዲያ ያሳረፈችው መሬት

ዘህዲያ ፈሪ ናት፤ ይህን ራሷም አትደብቅም። ከኬብሮን በስተደቡብ ባለችው በዚያች ድንጋያማ መንደር የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር ከሁሉ ቀድማ በሯን የምትዘጋው እሷ ናት። ልጇ ሪብሂ፣ "እናቴ እኮ የወታደር መኪና ገና ሞተሩ ሳይነሳ ትሰማዋለች" እያለ ይቀልድባት ነበር። መቀለዱን የተወው አምና፣ ኮረብታው ላይ ሰፈር የሠሩት አይሁድ ሰፋሪዎች ወርደው ክንዱን በብረት ከሰበሩት ወዲህ ነው።

ጥፋቱ የተጀመረው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ ጥፋት ከተባለ። ዘህዲያ፣ ባሏ በሕይወት ሳለ ያደርገው እንደነበረው፣ የቁልቁለቱን ማሳ ስንዴውን ካነሳችበት በኋላ አንድ ዓመት አሳረፈችው። መሬትም እንደ ሰው ይደክመዋል፤ ይህን የማያውቅ ገበሬ በዚያ አገር አይገኝም። በማግስቱ ዓመት ሊያርሱ ሲወጡ ሰፋሪዎቹ አባረሯቸው፤ የሪብሂ ክንድ የተሰበረውም ያን ዕለት ነው። ዘንድሮ ሦስተኛው ዓመት ሆነ።

ጠበቃዋ ሩላ ከከተማ መጥታ የነገሩን ክፋት ስታስረዳት ዘህዲያ ሳቀች፤ የድንጋጤ ሳቅ።

"ከቱርኮች ጊዜ የመጣ ሕግ ነው። ሦስት ዓመት ያልታረሰ መሬት ጠፍ ነው ብለው ለመንግሥት ያደርጉታል።"

"አሳረፍኩት እንጂ መች ተውኩት?"

"ፎቶ የሚያነሱት ከአየር ላይ ነው፣ ኡም ሪብሂ" አለቻት ሩላ፣ እንደ አገሩ ወግ የሪብሂ እናት ብላ ስትጠራት። "ከላይ ሲታይ ያረፈው ከተተወው አይለይም።"

"በጦር የያዙትን ሕዝብ መሬት መንጠቅ በዓለም ሕግ ክልክል ነው ያልሽኝስ?"

"ክልክል ነው።"

"እና?"

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው ነገሩ። ከምድሩ ሕግ ግን ሩላ አንድ ነገር አስጠናቻት። "ዝግ ቦታ ነው፣ ውጡ ካሏችሁ፣ የጦሩ አዛዥ የፈረመበትን ትእዛዝና ካርታውን አሳዩኝ ይበሉ። ሳይፈሩ ይጠይቁ። ወዲያው ደግሞ ይደውሉልኝ።"

ሳይፈሩ! ለዘህዲያ!

የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ባለሰለሰ ማግስት፣ ጎህ ሲቀድ አህያዋን አወጣች። "አንተ ቤት ቅር" አለችው ሪብሂን።

"አህያዋ እርፍ ልትጨብጥ ነው?" አላትና ማረሻውን በደህናው ክንዱ ተሸከመ።

እርፉን የያዘችው ግን እሷ ናት፤ የሱ ክንድ ተጣሞ ስለገጠመ አይጠናም። እሱ አህያዋን ይመራል። አንድ ትልም አወጡ፣ ደገሙ። ዘህዲያ ዓይኗን ከኮረብታው ላይ መንቀል አቃታት። ገና ማሳው ሳይጋመስ ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት ሰፋሪዎች ሲወርዱ አየች፤ ከኋላቸው የወታደር መኪና ተከተለ። እርፉን ጨብጣ ቆመች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ዝግ ቦታ ነው! ውጪ!" አላት የወታደሮቹ አለቃ፤ የሪብሂ እኩያ ቢሆን ነው።

"የ... የተፈረመበትን አሳየኝ፣ ልጄ። ካርታውንም" አለች። ድምፁ የራሷ አልመስል አላት።

ሪብሂ ለሩላ ደውሎ ስልኩን ለአለቃው አቀበለው። ሩላ በዕብራይስጥ ስትጮህ እስከ ማሳው ዳር ይሰማል። አለቃው ወደ ሰፋሪዎቹ አየ፣ ወደ ስልኩ አየ፣ ላቡን ጠረገ። የተፈረመ ትእዛዝ በእጁ የለም።

"እስከ ቀትር" አለ በመጨረሻ። "ጨርሺና ውጪ።"

ዘህዲያ ጆሮዋን አላመነችም። ሕግ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሷ ጋር ቆመ። አህያዋን "ሂጂ!" አለች። ደስታ ሰውን ያዘናጋዋል፤ ማረሻዋ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ፣ ዕድሜ ልኳን እንዳደረገችው ቀና እንኳ ሳትል፣ "ያን ድንጋይ አንሳልኝ" አለች።

ሪብሂም ዕድሜ ልኩን እንዳደረገው ጎንበስ ብሎ አነሳና ወደ እርከኑ ግንብ ጣለው። ሰፋሪዎቹ ደግሞ ከግንቡ ወዲያ ቆመዋል።

"ድንጋይ ወረወረ!" ብሎ አንደኛው ጮኸ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የሆነው እሷ እርፉን ሳትለቅ ነው። ወታደሮቹ ሪብሂን መሬት ላይ አስተኙት፤ ያን ጠማማ ክንዱን ወደ ኋላ ሲያዞሩት ጩኸቱን ሰማች። ዓይኑን በጨርቅ አሰሩት። "ከትልም ነው ያነሳው! ከትልም!" እያለች ስትለምን አለቃው አላያትም። ክንዱን የሰበረው ሰፋሪ አምና ተከሶ ቢሆን ኖሮ የሚቆመው ከሲቪል ዳኛ ፊት ነበር፤ አልተከሰሰም። ሪብሂን የሚጠብቀው የጦር ፍርድ ቤት ነው። በአንድ ኮረብታ ላይ ሁለት ሕግ ማለት ይህ ነው።

እርፉን ጥላ ልትሮጥ ስትል፣ ዓይኑ ታስሮም አወቃት።

"እማ፣ እረሺ! እስከ ቀትር ነው ያለው፣ እረሺ!"

መኪናው ሄደ። ዘህዲያ እያነባች አረሰች። ትልሙ ተጣመመ፤ ድንጋይ ባጋጠማት ቁጥር ማረሻውን አንስታ አሳለፈችው እንጂ እጇን ወደ መሬት አልሰደደችም። ፀሐይዋ አናቷ ላይ ስትደርስ የማሳው ጫፍ ላይ ነበረች።

ማታ ሩላ ደውላ፣ ነገ ከእስር ቤቱ ደጃፍ እንደምትገኝ ነገረቻትና ልታጽናናት ብላ፣ "መሬቱ ግን ተረፈ፣ ኡም ሪብሂ" አለቻት።

"ድንጋዩን አንሳልኝ ያልኩት እኔ ነኝ" አለች ዘህዲያ።