አባቴን ያስተማርኩት ጥንቃቄ

ላሊበላ ኮሌጅ ሳይበር ሴኩሪቲና ክላውድ ኔትወርኪንግ እማራለሁ። ክላውድ በሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ያስቀመጥኩትን የመመረቂያ ሥራዬን ልከፍት ስል የማረጋገጫ ኮድ ጠየቀኝ። ማስረከቢያው ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል፤ አካውንቱን የከፈትኩት በአባቴ ቁጥር ስለሆነ ኮዱ የሚገባው ገነተ ማርያም ቀበሌ በሚኖሩት በእሳቸው ስልክ ነው። ደወልኩ።

«አባባ፣ የመጣልዎትን ስድስት ቁጥር ያንብቡልኝ።»

«አላነብም! ልጄ ‹ልጅዎ ነኝ ለሚልም እንዳይሰጡ› ብሎኛል።»

የክርስትና ስሜን ብነግራቸው «እሱንማ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል» አሉ። በመጨረሻ ስልኩን አጠገባቸው ለነበሩት የነፍስ አባታችን ሰጧቸው። እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በልጅነቴ ለእሳቸው ብቻ የተናዘዝኩትን ነገርኳቸው።

ቄሱ ሳቁ። «ልጅህ ነው፤ ስጠው» አሉ።

አባባ ቁጥሩን አነበቡልኝ፤ ሥራዬ ተከፈተ፤ እፎይ አልኩ። ስልኩ ለካ ስፒከር ላይ ኖሯል፤ ልዘጋው ስል አባባ፦

«በፍልሰታ ወተቱን የጠጣኸው አንተ ነህ? እኔ ያቺን ድመት በከንቱ አባርሬ!»