የይታየው ዳማ በቅሎ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ትንንሹን ኃጢአት ስዘረዝር ይህን እየዘለልኩ ነው ያረጀሁት። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ።

ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ባለቤቴ ጫኔ ኮርቻ ሰፊ ነው። ጣሊያን ገብቶ አገሩ ሁሉ ጭነት ሲሆን፣ ጀርባው የተላጠ፣ እግሩ የተጎዳ በቅሎና አህያ በየመንገዱ ይጣል ጀመር። ጫኔ እያባበለ ይዞ ይመጣል። በኋላ ሰዉም ለመደንና የታመመ ከብቱን ደጃችን አስሮ ይሄዳል። ጠዋት በር ስከፍት አዲስ እንግዳ አላጣም፤ አንድ ቀን ዓይኗ የፈሰሰ አህያ፣ ሌላ ቀን ከጣሊያን ጓዝ የተጣለ፣ ቋንቋችንን የማይሰማ ግዙፍ በቅሎ።

ርኅራኄው የጫኔ ነበር፤ ሥራው ግን የእኔ። ውሃ እቀዳለሁ፣ ሣር አጭዳለሁ፣ ቁስል በጨው ውሃ አጥቤ ትል እለቅማለሁ፣ ፋንድያ እዝቃለሁ። ሰው "ጫኔ እኮ ጻድቅ ነው" ሲል እኔ ወገቤን ይዤ ቆሜ እሰማለሁ።

ይታየው ጫካ የገባ አርበኛ ነበር፤ ገና ጎረምሳ። እግሯን ጥይት የመታት ዳማ በቅሎውን እየሳበ አመጣልን። "እታለም፣ እናቴ ትታልኝ የሞተች ናት። ሌላ የቀረኝ የለም፤ አደራ" አለኝ። አደራ ያለው እኔን ነው፤ ጫኔን አይደለም።

ክረምቱ ገባ። ቁስሏ ደረቀ ሲሉት መልሶ ያመረቅዛል። ነሐሴ ላይ ጫኔ ዘመድ ሞቶበት ደብረ ኤልያስ ሄደ። በዚያው ቀን ደጃችን ላይ ሁለት አህዮች ታስረው አገኘሁ። በረቱ ሞልቷል፣ ሣሩ አልቋል፣ ዝናቡ አላባራ ብሏል። እኔም ደክሞኝ ነበር። በአገራችን ተስፋ የተቆረጠበት ከብት ሲመሽ ከደጅ ይወጣል፤ የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። ነውር ነው የሚል አልነበረም፤ ጫኔ ብቻ ነበር የማይወደው።

አወጣኋት። እኔ ነኝ ያወጣኋት። ሁልጊዜ የማበላት እኔ ነኝና ወደ ሣር የምወስዳት መስሏት እያነከሰች ተከተለችኝ። ገደሉ አፋፍ ላይ ትቻት ስመለስም ተከተለችኝ። የግቢውን በር በመወርወሪያ ዘጋሁባት። በአፍንጫዋ ስትገፋው ሰማሁ። እንዴት እንቅልፍ ወሰደኝ? ግን ወሰደኝ።

ጫኔ ሲመለስ "የጣሊያን ወታደሮች ወሰዷት" አልኩት። ያን ጊዜ እየዞሩ ከብት ይወስዱ ነበርና አልጠረጠረም።

ይታየው በመከር መጣ። ጫኔ አንገቱን ደፍቶ ከእኔ የሰማውን ነገረው። ልጁ ወደ እኔ ዞረ።

"ሲወስዷት ታነክስ ነበር ወይ፣ እታለም?"

"ድና ነበር" አልኩ።

ይህን ደግሞ ምን አስጨመረኝ? ጥሩ አስታማሚ ነች እንዲለኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም። ፊቱ ፈካ። "እንግዲያ አለች። ድምፄን ከሰማች ትመጣለች" አለ።

ጫኔ እንዳይሄድ ለመነው። እኔ አንድ ቃል ብተነፍስ ይቀር ነበር። በማግስቱ ይታየው ሣር ተሸክሞ ከሣር ሻጮች ጋር የጣሊያኖቹ ምሽግ ገባ። በቅሎዎቹ መሃል ቆሞ ዳማዋን ሲጣራ አንድ ባንዳ አወቀው። በገበያ ቀን ሰቀሉት።

ጫኔ "እኔ ነኝ የላክሁት" እያለ ኖረ። ጣሊያን ወጣ፣ ልጆች ወለድን፣ ልጆቹም አደጉ፤ ያ ቃል ግን ከእሱ አፍ አልጠፋም። በሽታው ከጸናበት በኋላ አንድ ጠዋት እጄን ያዘና "ባልነግረው ኖሮ ይተርፍ ነበር፣ አይደለም?" አለኝ።

"እግዜር ያውቃል" አልኩት። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሁለት ሰዎችና አንዲት በቅሎ ነበሩ። ደክሞኝ ነበር ብያችኋለሁ፤ በሩን የዘጋሁባት ዕለት እውነቴን ነው። ጫኔ እጄን የያዘኝ ዕለት ግን ደህና ተኝቼ ነው የተነሳሁት።