ነፋስ የፈራሁ ጊዜ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰበታ በሚኒባስ ስንመለስ ልጄ መስኮቱን ከፈተችው። ከኋላችን የተቀመጡ እናት ወዲያው «ኧረ ዝጊው የኔ ልጅ፣ ነፋስ ሊመታን ነው!» አሏት። ልጄ ዞራ አየችኝ። እሷን አርግዤ ሳለሁ የፈራሁት ነፋስ ትዝ አለኝ።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የተነሳ ጊዜ ነው። በሰበታ ዳር፣ ገበሬዎች የሚያመጡት እንጆሪ በሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ክፍል እሠራ ነበር። ከዚያች ሥራ ሌላ መተዳደሪያ አልነበረኝም። አለቃዬ ኦቦ ገመቹ ሽማግሌ ነበሩ፤ «ኢንታላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

ሳጥን ስደረድር የጣሪያው ማራገቢያ በቀጥታ ወገቤ ላይ ይነፍስብኛል። ነፋስ ይመታናል ተብሎ የታክሲ መስኮት ሲዘጋ እያየሁ ያደግሁ ነኝና ለፅንሱ ፈራሁ። አንድ ማክሰኞ ካርቶን ቀድጄ የማራገቢያውን ፊት ጋረድኩት። ስወጣ አነሳዋለሁ ብዬ ረሳሁት።

በዚያው ቀን መንገዱ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘጋ። እንጆሪውን ወደ ገበያ የሚወስደው የጭነት መኪና ቀረ። እንጆሪ ግን መንገድ እስኪከፈት ብሎ መብሰሉን አይተውም። ገበሬዎቹ በአህያ እየጫኑ አመጡ፤ እኛም ግድግዳው እስኪነካ፣ እጅ የሚያስገባ ክፍተት እስኪጠፋ ደረደርነው። ከውጭ ተኩስ ይሰማል። ማራገቢያው ሥር የተሰቀለው ቴርሞሜትር ሁለት ዲግሪ ይላል። ተመስገን እያልን በሩን እንዘጋለን።

ሐሙስ ጠዋት በሩን ስከፍት የጠላ ጥንስስ የመሰለ ሽታ ተቀበለኝ። እጄን ወደ መሐለኛው ድርድር ሰደድኩ። ይሞቃል። ቀና ስል ካርቶኑን አየሁት፤ ቅዝቃዜውን ከነቴርሞሜትሩ ከጀርባው አፍኖ ይዞታል።

የስንት ቤት ልፋት ነው! «እመቤቴ፣ ምን አደረግሁ?»

ኦቦ ገመቹ ከኋላዬ ቆመዋል። «ማነው የጋረደው?»

«እኔ ነኝ። ነፋሱ ለልጄ…»

ካርቶኑን አዩ፣ ሆዴን አዩ። «አዬ ኢንታላ ኮ! እንጆሪም እኮ ይተነፍሳል። አፍነሽ አሞቅሽው።»

ካርቶኑን ገንጥለው ጣሉት። ላግዝ ብዬ ሳጥን ስይዝ ተቆጡ፦ «አታንሺ! አንቺ ስንዝር ለኪ።» እሳቸው ሳጥኑን ከግድግዳው ያርቃሉ፤ እኔ በየመሐሉ አየር የሚያልፍበትን በእጄ እለካለሁ። ስንዝር፣ ጸሎት፣ ስንዝር፣ ጸሎት። ዳር ዳሩ ተረፈ። መሐሉ ግን ግራጫ ሻጋታ አብቅሎ ጉድጓድ ገባ። ያመጡት ገበሬዎች ቆመው ሲያዩ ቀና ማለት አቃተኝ።

መንገዱ ሲከፈት የማቀዝቀዣው ባለቤት መጣ። «ለምንድነው የተበላሸው?» አለ። ከሥራ መባረሬ ነው ብዬ፣ ልናዘዝ አፌን ከፈትኩ። ኦቦ ገመቹ ቀደሙኝ።

«መንገድ ተዘግቶ» አሉ።

ሰውዬውም ወደ አስፋልቱ አይቶ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ኦቦ ገመቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ስማቸው ከጸሎቴ አይጎድልም።

ሚኒባሱ ውስጥ ልጄ አሁንም እጇን መስኮቱ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። ወደ ኋላ ዞርኩና ሴትዮዋን «እማማ፣ ስንዝር ብቻ ክፍት ይተዉልን» አልኳቸው።