በደምሴ ደጅ የሚነደው ጧፍ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የገነተ ማርያም ገበሬ ሰም ይዞ ጋሸና ሱቄ ድረስ መጣ። ሰም የምገዛው በአፍንጫዬ ነው፤ ሞራ የቀላቀለ ሰው ምላሱ ይምልለታል፣ ሰሙ ግን አይምልለትም። የዚህኛው ንጹሕ ነበር። ገና ሳሸተው እትዬ ትርፌ ፊቴ ድቅን አሉ።

ላሊበላ ሳለን ጎረቤታችን ነበሩ፤ ለአብያተ ክርስቲያናቱ ጧፍ የሚሠሩ ባልቴት። በደርግ ጊዜ አንድ ልጃቸውን ይርጋን፣ የቀበሌያችን ጥበቃ አዛዥ ደምሴ በሚካኤል ዕለት ገበያው ዳር ረሸነው። "ለፀረ አብዮት አይለቀስም" ብሎም አወጀ። እትዬ ትርፌ አላለቀሱም። ነጠላቸውን እንኳ አላዘቀዘቁም። ሰሙን በፀሐይ አለስልሰው ፈትሉ ላይ ያንከባልላሉ፣ ያንከባልላሉ።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ፣ በሚካኤል ማለዳ፣ ደምሴ ደጅ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ አንድ ጧፍ ሲነድ ይገኝ ጀመር። ማን እንዳኖረው ያየ የለም። የላስታ ነፋስ ቆርቆሮ ይገነጥላል፤ ያን ጧፍ ግን አያጠፋውም። ደምሴ ይረግጠዋል፤ በወሩ ሌላ ይነዳል። ስብሰባ ላይ እግዚአብሔር የለም የሚለን ሰውዬ ጠዋት በሩን አማትቦ ይከፍት ጀመር። ጉንጩ ጎደጎደ። "የክርስትና ስሜን የሚያውቅ ሰው እያስደገመብኝ ነው" አለ። ክርስትና ያነሱት ደግሞ የእትዬ ትርፌ ሟች ባል ነበሩ።

አንድ ረፋድ ግቢያቸው ውስጥ ከእትዬ ትርፌ ጋር ፈትል ስስብ፣ ደምሴ ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባ። ወትሮ "አንቺ አሮጊት" ነበር የሚላቸው።

"እትዬ ትርፌ፣ ስሜን ለየትኛው ጠንቋይ ሰጡት?"

"ለሚካኤል።" እጃቸው አላረፈም።

"ምን እንዲያደርገኝ?"

"እንዲያስምርህ። እኔማ አቃተኝ። የነፍስ አባቴ ቂም ይዘሽ አትቁረቢ ስላሉኝ፣ ይቅር ልልህ በየወሩ ደጅህ እመጣለሁ። ስደርስ አፌ ይያዛል። ጧፉን ትቼ እመለሳለሁ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ልጄን ላልቅስ። ያላለቀሰ ሰው በምን አንጀቱ ይምራል?"

ደምሴ ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደገፈ። ሰሙ የሚንከባለልበትን ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሣ፤ ደም ያለበት ሰው ምሕረት ሲለምን እንደሚያደርገው በማጅራቱ ተሸክሞ ተንበረከከ።

"ያልቅሱ" አለ።

ያን የእትዬ ትርፌን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ወራት ሙሉ የታፈነ ለቅሶ ከሰው ጉሮሮ የሚወጣ አይመስልም፤ ከተፈለፈለው ዓለት ሥር የመጣ ነበር የመሰለኝ። ጎረቤቱ ነጠላውን እያዘቀዘቀ፣ አንድ በአንድ ገባ። ደምሴ ከነድንጋዩ መሀላቸው ነበር። ጥላ ሲረዝም እትዬ ትርፌ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱለት።

"ይቅር ብዬሃለሁ፣ ለእግዚአብሔር ብዬ።"

በቀጣዩ ሚካኤል ደጁ ላይ ጧፍ አልነበረም። ደምሴ ግን ማለዳ በሩን ከፍቶ፣ ባዶውን ቦታ እያየ ቆሞ ነበር።

እትዬ ትርፌ ሲሞቱ ድንጋዩን ለእኔ ተዉልኝ። ባለፈው ቅዳሜም የገበሬውን ሰም እሱ ላይ አኖርኩት።

"እታለም፣ ይችስ ድንጋይ ስንት ነች?" አለኝ።

ነጋዴ ነኝ፤ የማልሸጠው ነገር አለ ቢባል የሚያምን የለም።

"ከባድ ናት፣ ወንድሜ" አልኩት። "ተዋት።"