ይመጣል እንጂ ይጫወታል አይልም

ለከተማችን ቡድን በግራ መስመር ተከላካይነት ዘጠኝ ዓመት ስጫወት አንድም ቀን ስሜ በሞንታርቦ ተጠርቶ አያውቅም። ጠሪው እኔ ስለነበርኩ ነው።

ልጅ ሆኜ ድቁና ተቀብዬ ነበር። ቅዳሴ ላይ «ተንሥኡ ለጸሎት» ስል ድምፄ ከደጀ ሰላሙ አልፎ ዛፍ ሥር የተቀመጡትን ሁሉ ያስነሣል ይባል ነበር። አድጌ መምህር ስሆን ያ ድምፅ ለአንድ ክፍል ተረፈኝ። የቡድን መሪያችን ግን ሥራ ፈለገለት። ጨዋታ ሲደርስ ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ይጭንና፣ እኔን ከሾፌሩ ኋላ አስቀምጦ መሐል ሜዳ ከተማን ከገበያው እስከ መናኸሪያው ያዞረኛል።

መጀመሪያ የምናስተዋውቀው የራሳችንን ልጆች ነበር። ሰው አልመጣም። ምን ብሎ ይምጣ? አንዱ ወፍጮ ቤት ይሠራል፣ አንዱ ፎቶ ኮፒ ያነሣል፣ አንዱ እኔ ነኝ፤ በየቀኑ በነጻ እንታያለን። መሪያችን ታዲያ መላ መታ፤ ተጋጣሚውን ማስተዋወቅ። «እግሩ እሳት የሆነው አጥቂ ወደ ከተማችን ይመጣል፣ እንዳያመልጣችሁ!» እያልኩ ዞርኩ። ሕዝቡ ግር ብሎ ወጣ፤ ወጥቶም የጨፈረው ለእንግዳው ነው። ያወደስኩት እኔ፣ እንድይዘው የታዘዝኩት እኔ፣ ሲያልፈኝ የሚጨበጨብለት እሱ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፤ እኛ ግን በሰው ወርቅ ሜዳ ሞላን። ይህንኑ ለመሪያችን ብነግረው «አንተ ደግሞ! ሰው እንደሆን መጥቶልሃል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። የምፈልገው ለእሱ የሚነገር አልነበረም።

የምፈልገው ልጄን ነው። ከእናቷ ጋር ከተለያየን ሦስት ዓመት ሆነን፤ እነሱ ደብረ ብርሃን፣ እኔ እዚሁ ቀረሁ። በመጀመሪያው ዓመት ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ትመጣ ነበር። ቀስ በቀስ ቀነሰች። «ብርድ ነው አባዬ» ትለኛለች፣ ደብረ ብርሃን ቆላ የሆነ ይመስል። ሁለት በዓል ተከታትሎ ብቻዬን ዋልኩ። አልጋዋ ላይ የተማሪ ደብተር መከመር ጀመርኩ፤ ባዶውን ከማየው ብዬ።

አምና ከአዲስ አበባ አንድ ቡድን ለወዳጅነት ጨዋታ ሊመጣ ሆነ። ከመካከላቸው ፎቶው በየፀጉር ቤቱ የተለጠፈ አጥቂ አለ። ወሬው እንደተሰማ ስልኬ ጮኸ፤ ልጄ ናት። ሁልጊዜ ደዋዩ እኔ ስለሆንኩ የሆነ ነገር የሆነች መስሎኝ ደነገጥኩ።

«አባዬ፣ እውነት እሱ ይመጣል?»

«ይመጣል።»

«ይጫወታል?»

የማስታወቂያው ወረቀት እጄ ላይ ነበር። መሪያችን የጻፈው «ይመጣል» ብሎ ነው፤ ከሥሩም አስምሮበታል። ለምን እንዲህ እንደተጠነቀቀ ስጠይቀው «ይመጣል በል፣ ሌላ አትጨምር» ብሎኝ ነበር።

«ይጫወታል እንጂ!» አልኳት።

«እንግዲያው እመጣለሁ» አለች።

በማግሥቱ ገበያ ነበር። ሞንታርቦውን ስከፍት አፌ «ይመጣል» አልል አለኝ። ለልጄ አንድ፣ ለገበያተኛ ሌላ እንዴት እላለሁ? «ይጫወታል!» አልኩ። ከሞላሌ በግ ይዘው የመጡት ሳይቀሩ ዞር ብለው ሰሙኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እያልኩ ተማሪ የማስተምር ሰውዬ! ወለምታ እንኳ አልነበረም፤ አውቄ ነው ያልኩት።

ልጄ ከእናቷ ጎረቤት ጋር በሚኒባስ መጣች። ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል። እንደ ዘመድ ቤት እንግዳ ጉንጬን ሳመችኝና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ደብተሮቹን አንሥቼ ነበር። ራት እየበላን ስለ ኮከቡ አወራችኝ፤ በየትኛው እግሩ እንደሚመታ፣ ሲያገባ ምን እንደሚያደርግ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ያን ያህል ስታወራኝ ሰምቼ አላውቅም። በመካከል «ነገ እሱን የምይዘው እኔ ነኝ» አልኳት።

«አንተ?» ብላ ሳቀች። «አባዬ፣ ቀስ ብለህ ያዘው እሺ፣ እንዳትጎዳው።»

በማግሥቱ ሜዳው ሞላ። አጥሩ ላይ፣ የቆመ አይሱዙ ላይ ሳይቀር ሰው ነው። ነፋሱ ፊት ይልጣል። ጨዋታው ሳይጀመር የከተማው ሽማግሌዎች ለኮከቡ ስጦታ ሰጡት፤ ከበግ ጠጉር የተሠራ አዲስ የመንዝ ባና። እሱም ተከናነበውና ፎቶ ተነሣ። ከዚያ ሄዶ የተጠባባቂዎች ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ግማሹ ጨዋታ እንደተቀመጠ አለቀ። «ተነሣ! ተነሣ!» ይላል ሕዝቡ። እኔ በልጅነቴ ብቻዬን ስንቱን ሰው አስነሥቻለሁ፤ ያን ዕለት ሜዳ ሙሉ ሰው አንድ ሰው ማስነሣት አቃተው። በዕረፍት ወደ አሠልጣኛቸው ሄጄ መቼ እንደሚገባ ጠየቅሁት። ገረመው። «ጉልበቱን ታሟል እኮ። ሰላም ሊላችሁ ነው የመጣው፤ ለመሪያችሁ ነግረነዋል» አለኝ።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ኳስ ልወረውር ወደ መስመሩ ጠጋ ስል አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው «መምህር፣ ይጫወታል አላልከንም?» አሉኝ። ሌላው ተቀበላቸው። «ሦስት ቁጥር! ውሸታም!» እያለ መስመሩ ላይ የቆመው ሁሉ ጮኸብኝ። ዘጠኝ ዓመት የናፈቅሁት መጠራት እንዲህ ሆኖ መጣ። አፈርኩ። ልጄ ሰምታ እንደሆነ ብዬ በዓይኔ ፈለግኋት፤ ከወንበሩ ፊት ለፊት ቆማ ስልኳን ወደ ኮከቡ ቀስራለች። እኔን አላየችም። ባለማየቷ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ከፋኝ።

ሊያልቅ ሲል ኳሷ በረኛችንን አልፋ ወደ ጎል ተንከባለለች። የመሐል ተከላካያችን ወደ እሷ ሲሮጥ አየሁ፤ እንዳንጋጭ ጮኽኩና ተወርውሬ ከመስመሩ ላይ መለስኳት። ቋሚው ጎኔን መታኝ። ወድቄ ሳለሁ ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። በሕይወቴ እንዲያ ተጮኾልኝ አያውቅም። ጎኔን ይዤ ቀና ስል ወደ እኔ የዞረ አንድ ሰው የለም፤ ሁሉም ወንበሩን ነው የሚያየው። ኮከቡ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል፤ ሊገባ መስሏቸዋል። አሰረና ባናውን መልሶ ተከናነበ። ጨዋታው ባዶ ለባዶ አለቀ።

ልጄ አብራው ፎቶ እንድትነሣ ብሯሯጥም መኪናቸው ቀደመኝ። ወደ ቤት ስንሄድ እውነቱን ነገርኳት።

«ወረቀቱ ይመጣል ነበር የሚለው። ይጫወታል ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«እንድትመጪ።»

ስልኳን ኪሷ ከተተች። ከዚያ «ግድ የለም አባዬ» አለችኝ፣ ሲኒ የሰበረ እንግዳን ባለቤቱ እንደሚያጽናና። ብትቆጣኝ፣ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። በነጋታው ሚኒባስ ላይ አሳፈርኳት። ደብተሮቹን ወደ አልጋው መለስኳቸው።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ፣ ኔትወርክ የሚይዝበት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ መልእክቷ ገባ። ቪዲዮ ነው። ከሥሩ «አባዬ፣ ኮከቡን ቀርጬዋለሁ። አንተ ግን አልገባህበትም፣ ይቅርታ» ይላል። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። ሰውዬው ባናውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ለረጅም ጊዜ ምንም አይሆንም። ከዚያ ወደ ጫማው ጎንበስ ይላል። በዚያችው ቅጽበት፣ ሕዝቡ ከመጮኹ በፊት፣ ከሩቅ አንድ ድምፅ ይሰማል።

«የኔ ነው! ተዉት፣ የኔ ነው!»

ቀጥሎ ኳስ ስትመታ ይሰማል፤ ከዚያ ጩኸቱ ሁሉን ይውጠዋል። ደጋግሜ አዳመጥኩት። ከዚያ «አለሁበት» ብዬ ጻፍኩላት።

ወዲያው መለሰችልኝ፦ «የት ጋ?»