ከስልክ ቁጥሩ በስተቀር

በጋሽ ውሃ ልክ የተናደደ ሰው ብዙ ነው፤ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ሌባ ያላቸው ሰው ግን እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ አልነበረም።

አርባ ዓመት አናጺ ነበሩ። ስሙን ያወጡላቸው አብረዋቸው የሠሩ ግንበኞች ናቸው። ውሃ ልክ ማለት አንድ ነገር ማዘንበል አለማዘንበሉ የሚታይበት፣ በውስጡ አረፋ ያለው መሣሪያ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ያንን መሣሪያ ከእጃቸው የማይለዩ፣ ሰው ሊጠይቁ ሄደው እንኳ የባለቤቱን ቁም ሣጥን ከፍተው ዘግተው ሳያዩ የማይቀመጡ ሰው ነበሩ። ሠርተው ያስረከቡት በር ከዓመት በኋላ ሲጢጥ ማለቱን ከሰሙ፣ ማንም ሳይጠራቸው መላጊያቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ከች ይላሉ። ሥራቸውን የማያመሰግን አልነበረም፤ ጠባያቸውን የሚያመሰግን ግን ከባለቤታቸው በቀር አልተገኘም። «ተዉት፤ ቦግ ብሎ እልም ነው የሱ ነገር» እያሉ ባለቤታቸው ይስቁባቸው ነበር።

ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ጣጣውን ሁሉ ያመጣው ወንበርም የእኚሁ ባለቤታቸው ነበር። ጉልበታቸው ታሞ ዝቅ ካለ መቀመጫ መነሳት ሲያቅታቸው፣ ጋሽ ውሃ ልክ ከጉልበታቸው እስከ ተረከዛቸው በክር ለክተው፣ አራት ጣት ጨምረው፣ ሰፋፊ የክንድ መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ሠሩላቸው። ሕመሙ ሲብስ አራቱንም እግሮች ቀጠሉለት። ሲብስ ደግሞ እንደገና ቀጠሉለት። ያን ዓይነት እንጨት ከገበያ ስለጠፋ ቅጥያዎቹ የየራሳቸው ቀለም ነበራቸው፤ ይህ ነገር ጋሽ ውሃ ልክን እስከ መጨረሻው ሲያበሳጫቸው ኖሯል።

«ወንበር የተሠራው ሊቀመጡበት ነው፤ ባዶውን ተገትሮ ምን ያደርግልኛል?» አሉ አንድ ቀን፣ እንባቸውን በቁጣ ሸፍነው። ሴት ልጃቸው በስልኳ ፎቶ አነሳችውና ሰው ሁሉ ያገለገለ ዕቃውን በሚሸጥበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ልታወጣው ተቀመጠች። እሳቸው ቆመው አስጻፏት።

«ይህን ወንበር ጉልበቷን ለሚያማት ባለቤቴ በእጄ ሠራሁት። እሷ አርፋለች። መነሳት ለሚቸግረው ሰው ይሆናል። ከመምጣታችሁ በፊት የሚቀመጥበትን ሰው ከጉልበት እስከ ተረከዝ በክር ለክታችሁ ኑ። ቤቴ ከፀጉር አስተካካዩ ፊት ለፊት፣ አረንጓዴው በር ነው።»

«አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ማን ያነባል?»

«የማያነብ አይግዛ!»

እውነትም የሚያነብ ጠፋ። የደወለው ሁሉ «የመጨረሻው ስንት ነው?» ይላል እንጂ ለክቻለሁ የሚል የለም። ጋሽ ውሃ ልክም በጆሮው ላይ ይዘጉበታል።

በሦስተኛው ቀን ልጃቸው ስልኳን ይዛ መጣች፤ ፊቷ ልክ አልነበረም። ማስታወቂያው ሁለት ሆኗል። ፎቶው ያው ፎቶ ነው፤ ጥግ ላይ የገባችው የእሳቸው ነጠላ ጫማ ጫፍ እንኳ አልቀረችም። ቃሉ ያው ቃል ነው። ዋጋው ግማሽ ሆኗል፤ ስልክ ቁጥሩም የማያውቁት ቁጥር ነው። መነጽራቸውን አድርገው ሦስት ጊዜ አነበቡት። ደማቸው ፈላ።

«‹እሷ አርፋለች› ይላል እኮ! ፎቶውን ይውሰድ እሺ፤ የኔን ሚስት ወስዶ የሚቀብራት እሱ ማን ሆኖ ነው?»

ልጃቸው ለገጹ ባለቤቶች አመለከተች። መልሱ በደቂቃ መጣ፤ «ማስታወቂያውን መርምረን ደንባችንን የሚጥስ ነገር አላገኘንም። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» ይላል። ማንም ሰው ቁጭ ብሎ እንዳልጻፈው ያስታውቃል። በማግስቱ ደግሞ ብሶ ቁጭ አለ፤ ከገጹ ላይ የተነሳው የራሳቸው የጋሽ ውሃ ልክ ማስታወቂያ ሆነ። ምክንያቱም «ተመሳሳይ ማስታወቂያ ስላለ» ነው ተባለ። የሌባው በክብር ተቀምጧል።

«ማንን ልስደብ?» እያሉ በጠባቧ ሳሎን ወዲያና ወዲህ ተንጎራደዱ። «ፊት ያለው ሰው አምጪልኝ! አንድ ፊት!»

ፊት ሲጠፋ ድምፅ ተገኘ። በልጃቸው ስልክ ወደዚያ ቁጥር ደወሉ። ያነሳው ጨዋ፣ የተሞረደ ድምፅ ነው።

«አቤት አባቴ።»

«ወንበሩ አለ?»

«አለ አባቴ። ፈላጊው ግን ብዙ ስለሆነ ቀድሞ ለከፈለ ነው። ከፍለው ከቤት መጥተው ይወስዳሉ።»

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔው ነኝ። ለባለቤቴ፤ ነፍሷን ይማረውና።»

ጋሽ ውሃ ልክ ወደ ወንበሩ ዞሩ። «እግሮቹ ላይ ቀለሙ የሚለያየው ለምንድን ነው?»

ሰውየው ትንሽ አሰበ። «እሱማ ለውበት ነው አባቴ። ዲዛይን ነው።»

ግንበኛን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ትንፋሽ ሳይወስዱ መስደብ የሚችሉት ሰው አፋቸው ተሳሰረ። «ዲዛይን?» አሉ። «ዲዛይን? አንተ ዓይን ያወጣህ! በጉልበቴ ተንበርክኬ እኮ ነው የቀጠልኩት! እሷ አልጋ ላይ ሆና እያየችኝ . . .» ስልኩ ተዘግቷል። ደግመው ቢደውሉ፣ ሠልሰው ቢደውሉ አልጠራም።

ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ትንሽ የጭነት መኪና አረንጓዴው በር ላይ ቆመች። የወረደችው አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት፤ ከሹራቧ ሥር የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞች የሚለብሱት ሰማያዊ ጋውን ይታያል። በእጇ ክር ይዛለች።

«እንደምን አደሩ አባባ። ወንበሩን ልወስድ ነበር። ይኸው እናቴንም እንዳሉት ለክቻታለሁ።»

ጋሽ ውሃ ልክ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። «ከፍለሻል?»

«ሙሉውን ነዋ! ትናንት በስልክ ላኪ ሲሉኝ ላክሁልዎት አይደል?»

«ልጄ፣ ያ እኔ አይደለሁም። ሌባ ነው። ማስታወቂያዬን ገልብጦ ነው።»

ሴትየዋ በትከሻቸው ላይ አሻግራ ወደ ውስጥ አየች። ወንበሩ ከመስኮቱ ሥር ቆሟል። ወደ ኋላዋ ዞረች፤ ፀጉር ቤቱ አለ። በሩን አየች፤ አረንጓዴ ነው። ቀስ በቀስ ፊቷ ተለወጠ፤ ድምፅዋም ተለወጠ፤ አንቱታውም ቀረ።

«አንተ ሽማግሌ፣ አታፍርም? ወንበሩ ይኸው! በሩ ይኸው! እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ከአልጋ ካልተነሳች ሳንባዋን ይይዛታል ብለውኛል! የስንት ወር ላቤን በልተህ ነው እኔ አይደለሁም የምትለኝ? ሌባ!»

መንገዱ ሁሉ ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ወጣ፤ ግማሽ ራሱ የተላጨ ደንበኛውም ፎጣውን እንዳንጠለጠለ ተከተለው።

«ውሃ ልክም አዘነበለ እንዴ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ እየሳቀ።

ቀልድ ነበር። ጋሽ ውሃ ልክን ግን አጥንታቸው ድረስ ገባ።

«አንቺስ ሳታዪ ማን ክፈይ አለሽ?» ብለው በዚያችው ምስኪን ላይ ጮሁባት። «ዕቃ ሳይነኩ ይከፈላል? ጅል ነሽ እንዴ?»

ሴትየዋ ክሩን ደረታቸው ላይ ወርውራ ወደ መኪናው ሄደች።

ጎንበስ ብለው አነሱት። አንዱ ጫፍ ላይ ቋጠሮ አለ፤ ሌላውም ጫፍ ላይ ቋጠሮ አለ፤ አጠገቡ «ጉልበት» ተብሎ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ተሰፍቶበታል። ያን ሁሉ ቀን ከደወለው ሰው መሃል የለካች እሷ ብቻ ናት። እሷንም ያገኘላቸው ሌባው ነው። ይህን ሲያስቡ ንዴቱ እንደገና አናታቸው ላይ ወጣ።

ልጃቸው ያሰቡትን ከፊታቸው አንብባ ክንዳቸውን ያዘች። «አባዬ፣ ወንበሩን እንዳትሰጣት» አለች በሹክሹክታ። «ያሳዝናል፣ አውቃለሁ። ግን ከሰጠሃት በላ ነው የሚሉህ። ባይበላ ለምን ሰጠ ነው የሚሉህ። አርባ ዓመት የኖርክበትን ስም ነው የምትሰጠው።»

ልክ ናት። እሳቸውም ያውቁታል። ማታ ተደብቀው ቢልኩላት ደግሞ የባሰ ሌባ ይመስላሉ። ባይሰጡም ስማቸው በከፊል ሄዷል፤ አሮጊቷም አልጋ ላይ ትቀራለች።

«ቁሚ!» ብለው ጮሁ ወደ መኪናው። «ቁሚ ነው የምልሽ!»

ወንበሩን እየጎተቱ በጠራራው ፀሐይ አስፋልቱ ዳር አወጡት። ክሩን እግሩ ላይ አስጠግተው አራት ጣታቸውን ጨመሩ፤ ወንበሩ ይረዝማል። የዚች ሴት እናት ብትቀመጥበት እግሯ መሬት አይደርስም። ገብተው መጋዛቸውን ይዘው ወጡ፤ ወንበሩን ገልብጠው፣ መጨረሻ የቀጠሉትን ቅጥያ መቁረጥ ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ላግዝዎት?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አፍህን ዝጋ!»

እየቆረጡ ይራገማሉ፤ መጋዙ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። አራቱንም ቆረጡ። አቆሙት፤ መሣሪያቸውን መቀመጫው ላይ አስቀምጠው አረፋው መሃል እስኪገባ አንዱን እግር ሁለት ጊዜ ሞረዱት። ከዚያ ራሳቸው ተሸክመው መኪናው ላይ ጫኑት።

«ይኸው! በላ በሉኝ!» አሉ ወደ መንገዱ ዞረው። «እንደፈለጋችሁ በሉ!»

ሴትየዋ ወንበሩን በእጇ ዳበሰችው፤ ከዚያም ቀና ብላ አየቻቸው። ቁጣዋ በርዶ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ይሄን ያህል ልብ ካለዎት መጀመሪያ ምን አስዋሸዎት?» አለች። «ይሁን። ይቅር ብዬዎታለሁ አባባ።»

ጋሽ ውሃ ልክ አፋቸውን ከፈቱ። አልወሰድኩም ሊሉ ነበር፤ ብለውት ነበር፤ የሰማ የለም። እንደገና ቢጀምሩት ጩኸት ይሆናል፤ ሾፌሩም ሞተሩን አስነስቷል። ጥርሳቸውን ነከሱ።

«ስትነሳ በሁለቱም እጇ ትደገፍ» አሉ። «በአንዱ ብቻ ከሆነ ትወድቃለች።»

መኪናው ሲሄድ ፀጉር አስተካካዩ መንገዱን ተሻግሮ መጣና በደግነት ትከሻቸውን መታ መታ አደረጋቸው።

«ደግ አደረጉ ጋሼ» አለ። «ሰው ነን፣ እንሳሳታለን። ዋናው መመለሱ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሽ ውሃ ልክ ፀጉራቸውን የሚቆረጡት ሁለት ፌርማታ ተጉዘው ነው።